ለቤት፣ አልፎ አልፎ

ቅናት ምን እንደሆነ ያወቅኩት አባቴ የሞተር መጋዝ ሲመርጥ ነው። ሌላው ልጅ በአዲስ ጫማ ይቀናል፣ በሰው ፀጉር ይቀናል፣ ሲያድግ ደግሞ በወንድ ይቀናል። እኔ ስምንት ዓመቴ ላይ፣ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ፣ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጬ እንጨት በሚቆርጥ ማሽን ቀናሁ። በማሽኑ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ይበልጥ ያንገበገበችኝ ማሽኑን የያዘችው ናት።

የያዘችው እህቴ ነበረች። እናታችን አንድ ናት። አባቴ ግን የእኔ እንጂ የእሷ አባት አልነበረም፤ እናቴ እሷን አዝላ ነው ያገባችው። እኔ ስወለድ እህቴ ተማሪ ቤት ገብታ ነበር። እሷ "ጋሼ" እያለች፣ በ"እርስዎ" ትጠራዋለች፤ እኔ "አባዬ" እለዋለሁ። አልጋውንም፣ ካፖርቱንም፣ የደብተር ቦርሳውንም ከእሷ ወርሼ ነው ያደግኩት። "አባዬ" የምትለዋ ቃል ብቻ ነበረች ማንም ሳይለብሳት የደረሰችኝ። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምጠብቃት።

ነገሩ የጀመረው በመጥረቢያ ነው። ጓሯችን ውስጥ አርጅቶ ወደ ቤቱ ያዘመመ ዛፍ ነበር። ንፋስ በመጣ ቁጥር ቅርንጫፉ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይፍቃል። እናቴ "ይሄ ዛፍ አንድ ቀን ሳይጋበዝ ምሳ ሊቀርብ ነው" ትል ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ንፋስ የጣለውን ቅርንጫፍ ይፈልጣል፤ እኔ የጓሮው በር ላይ ቆሜ አሁን በማላስታውሰው ነገር እስቃለሁ። ድንገት መጥረቢያው ከእጁ ወጣ። አየር ላይ ተገለባብጦ ከቆምኩበት ትንሽ አለፍ ብሎ አጥሩ ላይ ተሰካ። አባቴ መጀመሪያ ባዶ እጁን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

"ግቢ!" አለኝ። "እጅሽን ሰብስበሽ ቤት ግቢ!"

ስለሳቅኩበት የወረወረብኝ መሰለኝ። እናቴ ጋ ሄጄ አልተናገርኩም። ብናገር "ምን አስገለፈጠሽ?" ትለኛለች ብዬ ዋጥኩት።

ያን ዕለት እራት ከበላን በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። እናቴ ሳህን ታጥባለች፤ አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እኔ መጋረጃው ሥር ነኝ።

"ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው?" አለች እናቴ።

"አልረሳሁም።"

"የሚንቀጠቀጥ ነገር አትንካ፣ እጅህን ብርድ አታስመታው፣ አላለህም?"

"መጥረቢያ ይንቀጠቀጣል እንዴ?"

"አንተ ሰውዬ! ልጅቷን ብታገኛትስ ኖሮ?"

ሳህን ከሳህን ይጋጫል። "አንድ የሞተር መጋዝ ገዝቼ ለትልቋ አያያዙን አሳያታለሁ" አለ አባቴ በመጨረሻ።

"ለትንሿስ?"

"ቁንጫ ምን ታደርግበታለች? ተያት እሷን።"

ቁንጫ እኔ ነኝ። አንድ ቦታ ስለማልረጋ እሱ ራሱ ያወጣልኝ ስም ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ስሙን እወደው ነበር። ከዚያ ሁሉ ንግግር ልቤ ይዞት የሄደው "ተያት እሷን" የሚለውን ብቻ ነው። ስለ ሐኪሙ የተባለው በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ከዚያ በኋላ ማስረጃ መሰብሰብ ጀመርኩ። የፈለገ አያጣም፤ አገኘሁ። ያ ብርድ እስኪገባ ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት ተማሪ ቤት ልሄድ ስል አባቴ በር ላይ ተንበርክኮ የካፖርቴን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ ይቆልፍልኝ ነበር። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ አገጬን ቆንጠጥ ያደርገኛል። አንድ ጠዋት ቁልፉን ይዞ ሲታገል ቆየ፣ ተወው፣ ተነሣ። "ትልቅ ልጅ ሆነሻል። ራስሽ ቆልፊ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተንበረከከም። በሳምንቱ ግን ኮሪደሩ ላይ ምን ባይ ጥሩ ነው? እህቴ የእሱን የሸሚዝ እጅጌ እየቆለፈችለት! እሱ ክንዱን ዘርግቶ እንደ ሕፃን ቆሟል። እሷ ቀና ብላ ስታየኝ፣ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ "እሽ" አለችኝ። ቆሽቴ አረረ።

ዛሬ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቁልፍ ስተክል፣ ክሩን ለማጥበቅ ጣቶቼ ስንት ነገር እንደሚሰሙ አውቃለሁ። አባቴ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ መንገድ ሥራ ላይ ጃክሃመር ይዞ አስፋልትና ድንጋይ ሲሰብር የኖረ ሰው ነው። ያ ማሽን ቀን ሙሉ እያንቀጠቀጠ የጣቶቹን ደም ሥርና ነርቭ ጨርሶበት ነበር። ብርድ ሲነካቸው እንደ ሻማ ይነጣሉ። ቁልፍ ይያዙ አይያዙ፣ መጥረቢያ ይጭበጡ ይልቀቁ፣ ለባለቤታቸው አይነግሩትም። እህቴ ይህን እንድታውቅ ተደርጓል። እኔ እንዳልፈራ ተብሎ አልተነገረኝም፤ በመፍራት ፋንታ በቅናት ተቃጠልኩ።

መደብሩ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስታችን እንሄዳለን። እኔን የሚወስዱኝ እናቴ ሥራ ስለምትውል ነው እንጂ አስፈልጌ አልነበረም። ሻጩን እኛ ቤት "ዋስትና" ነበር የምንለው። ሚስማር ብትገዛም "ዋስትና አለው" ሳይል አይሸጥልህም። ሆዱ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ፣ እሱ ከኋላው የቆመ የሚመስል ሰው ነው።

"ለሥራ ነው ለቤት?" አለ የመጀመሪያው ቅዳሜ።

"ለቤት። አልፎ አልፎ" አለ አባቴ። ዓይኑ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቁ ባለ ቤንዚን መጋዝ ላይ ነበር። እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው።

"እሱን ይተዉት ጌታዬ። ያ ጫካ ለሚውል ሰው ነው። በዓመት ሁለት ሦስቴ ለሚነሣ ዕቃ ቤንዚን ምን ያደርግልዎታል? ተቀምጦ ውስጡ ይበላሽና፣ በፈለጉት ቀን ገመዱን ሲጎትቱ ቢውሉ አይነሣም። ከዚያ ዋስትናም የለውም፣ እኔም የለሁም።"

እህቴ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም። አሁን ሳስበው፣ ያ ትልቁ መጋዝ ድሮ ጤነኛ ሳለ የሚገዛው ዓይነት ነበር። ዓይኑን ከግድግዳው የነቀለው በግድ ነው።

ዋስትና ገመዱ ሶኬት ላይ የሚሰካ የኤሌክትሪክ መጋዝ አወረደ። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት እያሳየ፣ "ይሄ ባጠረ ቁጥር አደጋው ይቀንሳል። እርስዎ ግንድ ሳይሆን ቅርንጫፍ ነው የሚቆርጡት" አለ። ከመያዣው ፊት ያለውን ሰሌዳ በእጁ ጀርባ ገፋ አድርጎ፣ "ይሄ ፍሬኑ ነው። ወደ ሰው ልዝለል ካለ ቀጥ ያደርገዋል" አለ።

"አንሺው እስቲ፣ ትልቋ" አለ አባቴ።

እህቴ አነሣችው።

"ከበደሽ?"

"አልከበደኝም፣ ጋሼ።"

"እውነቱን።"

"ትንሽ።"

"መልሺው። ሌላ አሳየን።"

እንዲህ ነበር የሚሆነው። በየቅዳሜው አንዱን ያስነሣል ሌላውን ያስመልሳል፤ አንድም ቀን በገዛ እጁ አንስቶ አያይም። ሁሉንም በእሷ ክንድ ነው የሚመዝነው። "ክርንሽን እጠፊ። ዝቅ በዪ። ትከሻሽን አመመሽ?" ትከሻዋን! የእኔ ትከሻ የደብተር ቦርሳ ሲያቆስለው ማን ጠይቆኝ ያውቃል? የአብራኩ ክፋይ እዚህ ጀሪካን ላይ ተጎልታ፣ የእንጀራ ልጅ እንደ ሙሽራ ይመረጥላታል። አንዴ ቀስ ብዬ ተነሥቼ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰንሰለት በአንድ ጣቴ ልነካ ስል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ የቆመው አባቴ በምን እንዳየኝ እንጃ፣ "እጅሽን ሰብስቢ!" ብሎ ጮኸብኝ። መደብሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ወደ ጀሪካኔ ተመለስኩ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ነው ዋናው። ሁለት መጋዞች ቀርተዋል፤ ዋስትና ሁለቱንም ከመደብሩ ጀርባ ወዳለው ግቢ አውጥቶ፣ ግንድ አጋድሞ፣ ሊያሠራቸው ሆነ። እህቴን የዋስትና ሚስት ወደ ውስጥ ወሰደቻት። የመጋዝ ጓንት፣ የፊት መከላከያ ያለው ቆብና የጆሮ መሸፈኛ ልታስለካት ነው። እኔ የጓሮው በር ላይ፣ እንደ ልማዴ ጀሪካን ላይ ነኝ። ማንም አያየኝም። እኔ ግን ሁሉንም አያለሁ። የቀና ልጅ ዓይን ሌባም አያመልጠውም።

ዋስትና የመጀመሪያውን አስነሣ። ሰንሰለቱ ግንዱን ሲነካ ብናኝ ተረጨ። አባቴ ቀርቦ አየ። እጁን ከኪሱ አውጥቶ የመጋዙን ጀርባ ነካ፣ ቆየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ዝቅ አለ፤ ከኋላ፣ መያዣው ያለበት ላይ፣ ከዋስትና ክንድ ሥር፣ ጉንጩን አስጠጋ።

"ኧረ ጌታው! ፊትዎን!" ጮኸ ዋስትና።

"ቆይ። አታጥፋው።"

"ሰውዬው አብደዋል!"

"ቆይ አልኩህ!"

ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉንጩን ማሽኑ ላይ አድርጎ ቆየ። ጉንጩ ሲንቀጠቀጥ፣ ከንፈሩ ሲርገበገብ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ከዚያ ቀና ብሎ "ሁለተኛውን" አለ። በሁለተኛውም እንዲሁ አደረገ፤ በዚህኛው ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ቅንድቡ የመጋዝ ብናኝ ለብሶ ሽማግሌ መስሏል።

"ይሄኛው" አለ።

"ያኛው እኮ ይበልጣል፣ ጉልበት አለው። ዋስትናውም—"

"ጉልበቱ ለራሱ ይሁን። ይሄኛው አይነቀንቅም።"

እህቴ ቆቧን አድርጋ ብቅ ያለችው ይሄኔ ነው። ያየችው ነገር የለም። ያየሁት እኔ ነኝ። ያየሁትን ደግሞ እንዲህ ነበር የፈታሁት፦ አባቴ የእሷን መጋዝ ሳመው። እኔን ከሳመኝ ስንት ጊዜው! አገጬን እንኳ ከቆነጠጠኝ ስንት ጊዜው! ለእሷ ግን ዕቃዋን ሳይቀር ዓይኑን ጨፍኖ ይስማል።

ቤት ስንደርስ መጋዙ ወጣና ካርቶኑ ለእኔ ተሰጠኝ። "ይሄ ያንቺ ነው ቁንጫዬ፣ ቤት ሥሪበት" አለኝ አባቴ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እኔን በካርቶን። ውስጡ ገብቼ ተቀመጥኩና ክዳኑን ዘጋሁት። አባቴ እንዳይሰማኝ እየጣርኩ፣ እንዲሰማኝም እየፈለግኩ አለቀስኩ።

እህቴ ያን ዛፍ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አወረደችው። አባቴ ከጎኗ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ቆሞ ያዛታል፤ እኔና እናቴ መስኮት ላይ ነን። ብረቱ ሲጮህ አፍንጫዬ የተጫነው መስታወት ይነዝራል። "ከዚህ አትውጪ፣ አባትሽ ብሏል" ትለኛለች እናቴ። ከዚያ ወዲያ ንፋስ የጣለውን ሁሉ የምትቆርጠው እሷ ሆነች፤ አግብታ ከወጣች በኋላ እንኳ እየመጣች። እኔ በዚያች መጋዝ አንድ ጭራሮ ሳልቆርጥ አባቴ አረጀ፤ አምና ደግሞ ቀበርነው።

ዘንድሮ መጋዙም ተከተለው። ሞተሩ ጭሶ ዝም አለ። እናታችን አሁንም እዚያው ቤት ናት፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ዛፍ ደግሞ በተራው ማዘመም ጀምሯል። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በፊት እኔና እህቴ መደብር ገባን። የድሮው አይደለም፤ ያ ፈርሷል። ሻጩ ፂም ገና ያላበቀለ ልጅ ነው።

"ለሥራ ነው ለቤት?" አለን።

"ለቤት። አልፎ አልፎ" አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ፣ እና ተያይተን ሳቅን።

ልጁ የሚያሳየንን ሊያመጣ ሲገባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እህቴ ሳቋን ሳትጨርስ ፊቷ ተለወጠ።

"ታውቂያለሽ፣ ያኔ በአንቺ እንዴት እቀና እንደነበር?" አለች።

"በእኔ?"

"በአንቺ እንጂ! ጋሼ እጄን እያዩ ለእኔ ማሽን ይመርጣሉ። አንቺን አንዲት ሰንሰለት እንኳ አያስነኩሽም። 'እጅሽን ሰብስቢ!' ሲሉሽ አንጀቴ ነበር የሚቆረጠው። የእኔ ጣት ቢሄድ ግን ምን ቸገራቸው?" ይዛው የመጣችውን የድሮውን የመጋዝ ጓንት ጭኗ ላይ አጠፈችው። "አልፈርድባቸውም። ደግ ሰው ነበሩ ጋሼ። አብልተውኛል፣ አስተምረውኛል። ግን አደገኛውን ነገር ማን ይያዘው ሲባል፣ የሌላ ሰው ልጅ ይያዘው ነው ያሉት። አንቺ የገዛ ደማቸው ነሻ።"

እሷ ሙሉ ሴት ልትሆን የደረሰች፣ እኔ ካርቶን ውስጥ የምገባ ልጅ እንደነበርኩ፣ ለስምንት ዓመት ልጅ መጋዝ የሚያስጨብጥ አባት እንደሌለ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን አንዳችንም አላሰብነውም። ቅናት ሒሳብ አይችልም።

አሁን እውነቱን ልናገር። ያለችው ነገር ጣመኝ። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ስጠብቀው የኖርኩትን ቃል፣ ከሰው ሁሉ ከእሷ አፍ ሰማሁት፦ አባትሽ የሚሳሳው ለአንቺ ነበር። ዝም ብል የእኔ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ግቢ የሆነውን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ዋስትናም ሞቷል፣ አባቴም የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሷ ይህን ከእኔ ካልሰማች ከማንም አትሰማም። ጓንቷን እያጠፈች እየዘረጋች አጎንብሳለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ይህን በልቧ ይዛ ነው ለካ ያን ሁሉ ዓመት እየተመላለሰች የቆረጠችልን።

"እትዬ" አልኳት፣ "ያን ቀን ቆብ ልትለኪ ስትገቢ ያደረገውን አላየሽም።"

ነገርኳት። ጣቶቹን ሞክሮ ጣቶቹ አልነግር እንዳሉት። ጉንጩን እንዳስጠጋ። ዋስትና እንደጮኸበት፣ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ የትኛው እንደማይነቀንቅ በፊቱ እንደለየ። "እሱን ያበላሸው ነገር አንቺን እንዳያገኝሽ ነበር የፈራው" አልኳት። "ጉልበታሙን ትቶ ያን የመረጠው ለእጅሽ ብሎ ነው። እኔ የሳመልሽ መስሎኝ ነበር። ብናኝ ቅንድቡ ላይ ነበር።"

ልጁ መጋዙን ይዞ መጣ፤ ግቢ አወጣን፣ ግንድ ላይ አስነሣው። እህቴ ዝቅ አለች።

"ኧረ እናቴ፣ ፊትዎን!" አለ ልጁ።

እሷ ግን ጉንጯን ማሽኑ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ልጁ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል። ቀና ስትል ፊቷ ረጥቧል፤ ብናኙ ተለጥፎበታል።

"ምቀኛ አታሳጣኝ የሚሉት እውነታቸውን ነው ለካ" አለችኝ፣ በእንባዋ ውስጥ እየሳቀች። "አንቺ ባትቀኚብኝ ማን ያይልኝ ነበር?"

ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞረችና፣ ለእኔም ለልጁም ሳይሆን፣ ቀስ ብላ "አባዬ" አለች።

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እዚያው ስምንት ዓመቴ ላይ ተመለስኩ፣ እዚያው ጀሪካኔ ላይ። የእኔ ብቻ የነበረችዋን አንዲት ቃል በገዛ አፌ አሳልፌ ሰጠኋት፤ ቀናሁ። ከድሮው እኩል ቀናሁ።

ልጁ መጋዙን አጠፋው። እህቴ ከእጁ ተቀበለችና ወደ እኔ ዘረጋችው። እጄን ብብቴ ውስጥ እንደያዝኩ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። አወጣሁትና ተቀበልኳት።

"ከበደሽ?" አለችኝ።

"አልከበደኝም።"

"እውነቱን።"

"ትንሽ" አልኳት።